የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስናይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት «አንድ ዓይን ያለው ሁሉ ክፉ ነው» ብሎ መደምደም ነው። ደንቡ ራሱ ውሸት አይደለም። በአገራችን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያዩናል። ይሁዳ፣ ሰይጣንና አሳዳጆች ግን ብዙውን ጊዜ በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ችግር የሚመጣው ደንቡን ይዘን ታሪኩን ስንተው ነው። ስቅለቱ ላይ ጌታን በጦር የሚወጋውን ለንጊኖስን ተመልከቱ። ትውፊቱ አንድ ዓይኑ የታወረ ወታደር ነበር ይላል። ከጌታ ጎን የፈሰሰው ደም ሲነካው ዓይኑ በራለት። እሱን «ክፉ ነው» ብሎ ማለፍ ምሕረቱን አለማየት ነው፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል። መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ዓይኑን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ።

«ሠዓሊው መጠን አያውቅም» የሚለውም ፍርድ ትክክል አይደለም። እመቤታችን ከመላእክቱ ገዝፋ የምትሳለው በክብሯ ነው። ከእግሯ ሥር ተደፍቶ የሚታየውን ትንሽ ሰውም ሕፃን እንዳይመስላችሁ። ሥዕሉን ያሠራው ምእመን ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ከጎኑ ይጻፋል።

ሌላው የሥዕሉን አንድ ክፍል ብቻ አይቶ መሄድ ነው። በላዔ ሰብእ ሰው ይበላ የነበረ፣ ከሞተ በኋላም ሥራው በሚዛን የተመዘነ ሰው ነው፤ ሥዕሉን ስናይ ዓይናችን ቶሎ ሚዛኑ ላይ ያርፋል። ከዚያ በፊት ግን በእመቤታችን ስም ውኃ የለመነው የተጠማ ድሀ አለ። በላዔ ሰብእ ለድሀው የሰጣትን ያችን ጥርኝ ውኃ ያላየ ሰው፣ እመቤታችን ለምን ጥላዋን ሚዛኑ ላይ እንዳሳረፈች አይገባውም። እኔ በግሌ ከዚህ የበለጠ የሚነካኝ የግድግዳ ሥዕል የለም።

ለእያንዳንዱ ነገር ምሥጢር መፈልሰፍም ይቅር። ብዙ የእመቤታችን ሥዕሎች ላይ በእጇ የያዘችው መሐረብ ሮም ካለው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ሥዕል የመጣ ነው። እዚያም የክብር ምልክት ነበር። የኛ ሠዓሊዎች ሥዕሉን ተቀብለው መልኩን፣ ልብሱንና ቀለሙን የራሳቸው አደረጉት።

በሥላሴ ሥዕል ላይ ደግሞ «አብ የትኛው ነው?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ሦስቱም በመልክ፣ በሽበትና በልብስ አንድ ዓይነት የሆኑት ሆን ተብሎ ነው። ትምህርቱ እኩልነታቸው ላይ ነው። ዙሪያቸውን ያሉት የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር መልኮች ዙፋኑን የሚሸከሙት አርባዕቱ እንስሳ ናቸው።

በመጨረሻ፣ ሥዕሉን ከቦታው ነጥሎ ማየት። ስልክ አውጥተን አንዷን ሥዕል ብቻ እናነሳለን፤ በኋላ ቤት ሆነን ልንተረጉማት እንሞክራለን። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ስቅለቱ አለ፤ ከስቅለቱም በላይ ሥላሴ። ሁለቱ ተነጣጥለው ፎቶ ከተነሱ ዝምድናቸው ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ከላይ፣ ከታችና ከጎን ምን እንዳለ እዩ። በሩን የሚጠብቁት ሊቃነ መላእክት እነማን እንደሆኑ እዚያው ያሉትን ካህን ጠይቁ።