«ዲፍሬይ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ

እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት አገር አዲስ ለገባችሁ የድሬና የሐረር ልጆች፦ ከአሠሪ ወይም ከልጆች ትምህርት ቤት በሚመጣ ደብዳቤ ላይ «ዲፍሬይ» (defray) የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ትገጥማችሁ ይሆናል። በአፍ ብዙም አትሰማም፤ የወረቀት ቃል ናት። መዝገበ ቃላት «ወጪ መሸፈን» ይላታል። ልክ ነው። እኔን ግን ያከሰረኝ ይኸው ትርጉም ነው።

በመጣሁ ሰሞን ከምማርበት ኮርስ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የትራንስፖርት ወጪን «ቱ ሄልፕ ዲፍሬይ» የሚሆን ገንዘብ አለ ይላል። ያደግኩት ድሬ፣ «ከዚራ» የሚባለው ሰፈር ነው። እዚያ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ስንጠጣ አንዱ «በእኔ ነው» ካለ ሂሳቡ በሙሉ የእሱ ነው፤ ሌላው እጁን ወደ ኪሱ ቢልክ ጠብ ነው። እነዚህም «ይሸፍናሉ» ብዬ የወር የባቡር ትኬት ገዛሁ። የመጣልኝ ከግማሽ በታች! «ሄልፕ»ን ዘልያት ኖሯል።

ስለዚህ «ሄልፕ» ከፊቷ ካለች «መደጎም» ብላችሁ አንብቧት። «ሄልፕ» ባይኖርም አትዝናኑ፤ ሙሉውን ለመሆኑ «ኦል» ወይም «ፉል» የሚል ቃል ፈልጉ። «ሪኢምበርስ» (ያወጣችሁትን መመለስ) ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ ደረሰኝ ከጣላችሁ ገንዘባችሁም አብሮ ሊቀር ይችላል።

እኛ በአማርኛ ድስትም፣ ራስም፣ ወጪም እንሸፍናለን። ዲፍሬይ ግን ከወጪ ሌላ አታውቅም፤ ከኋላዋ «ኮስት» ወይም «ኤክስፔንስ» ይመጣል። ለድስቱና ለሻሹ «ከቨር» በሉ። ስትጠሯት «ፍሬይ» ላይ ጠበቅ አድርጉ፣ «ፍራይ» ካላችሁ ጥብስ ሆነ።

ደግሞ ለድሬ ልጅ ባዳ አይደለችም። በፈረንሳይኛ «ፍሬ» ወጪ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ቃሏን ከዚያው ከፈረንሳይኛ የወሰዳት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛም በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬ ሲደርስ ከፈረንሳዮቹ «ላ ጋር»ን (ባቡር ጣቢያውን ማለት ነው) ወስደን ለገሃሬ አልናት።

ደብዳቤው ግልጽ ካልሆነላችሁ ሳትከፍሉ ደውሉ። «ሃው መች ዊል ዩ ፔይ?» ብላችሁ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን በኋላ እንደሚመጣ። መልሱን በኢሜይል ይላኩላችሁ።