ትራንስፈር ከማመልከታችሁ በፊት ደብተር አውጡ

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ ቤቴ መጣ። የላከችው እናቱ ናት። "አንቺ አልፈሽበታል፣ እስቲ እይለት" ብላኝ ነበር፤ ትራንስፈሩን፣ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ መዛወሩን ማለቷ ነው። ልጁ በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ አናንዴል ካምፓስ ይማራል፤ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። ጂፒኤው፣ የውጤቱ አማካይ ማለት ነው፣ ከ4 3.6 ነው።

"ዩቪኤ ወይም ኮርኔል ብሞክር እገባለሁ?" አለኝ። ዩቪኤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

"ስንት ስንት ይቀበላሉ?" አልኩት፣ ቡናውን እየቆላሁ። ከስልኩ ሁለት ቁጥር አነበበልኝ። ሁለቱም ከሃይስኩል በቀጥታ የሚገቡትን የሚመለከቱ ናቸው። እሱን አይመለከቱትም።

አልፈረድኩበትም። እኔም በጊዜዬ በዚያው ቁጥር ነው የተሸወድኩት። አምስት ትምህርት ቤት አመለከትኩ፣ አራቱ አልተቀበሉኝም። አምስተኛው ተቀበለኝ፣ ገንዘብ ግን አልሰጠኝም። አንድ ዓመት ባከነብኝ። በሁለተኛው ዙር ነው በወጉ የሠራሁት። ለልጁ ያሳየሁትን ለእናንተም ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ፈልጉ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የትምህርት ቤቱን ስም ከዚህ ስም ጋር አድርጋችሁ ጎግል ላይ ብትጽፉ ይመጣል። ሰው ሁሉ "ሲ" የሚለውን ክፍል ያነባል፤ እሱ የአንደኛ ዓመት ገቢዎች ነው። እናንተ ወደ "ዲ" ውረዱ። እዚያ በትራንስፈር ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ ተቀባይነት አገኘ፣ ስንቱ ገባ የሚል ሰንጠረዥ አለ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከሥሩ ደግሞ ዝቅተኛው ጂፒኤ ስንት እንደሆነ፣ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት (የውጤት ወረቀት) ይጠየቅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ውጤት በታች ኮርስ እንደማይቆጠር ተጽፏል። የአንድ ዓመት ብቻ አትዩ፣ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አድርጉ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት የሚዘል ከሆነ ብዙ አትመኑት።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ ይለያያል? ነገሩ የወንበር ጉዳይ ነው። ትራንስፈር ተማሪ የሚገባው ሌላው ሲወጣ ወይም ትምህርት ቤቱ አስቦ ቦታ ሲያስቀምጥ ነው። ከሃርቫርድ ወይም ከስታንፎርድ ማን ይወጣል? ስለዚህ የእነሱ የትራንስፈር በር ከዋናው በር ይጠባል። ፕሪንስተን ከ1990 ጀምሮ ጭራሽ ዘግቶት ነበር። በ2018 ሲከፍት 1,429 ሰው አመልክቶ 13 ተቀበለ። ኮርኔል ግን በየዓመቱ በመቶዎች ያስገባል። እነሃርቫርድን፣ ፕሪንስተንንና ኮርኔልን "አይቪ ሊግ" ብሎ አንድ ላይ መጨፍለቅ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ ጠይቁ፦ በሩ የተከፈተው ለማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ዩሲኤልኤ፣ ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአራት የትራንስፈር አመልካች አንዱን ገደማ ይቀበላል። ልጁ ይህንን ሲያይ ዓይኑ በራ። ግን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በትራንስፈር ከሚያስገቧቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከራሱ ከካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የመጡ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ያለ ዘመዳችሁ ያንን ቁጥር ለራሱ ይውሰደው። አናንዴል ለተቀመጠ ሰው አይሠራም።

በተቃራኒው የቨርጂኒያ ልጅ የራሱ በር አለው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ዋስትና ያለው የቅበላ ስምምነት አላቸው። እኔ ባመለከትኩበት ጊዜ ለዩቪኤ አርትስ ኤንድ ሳይንስስ ኮሌጅ የሚጠየቀው 3.4 ጂፒኤ ነበር፣ ለዊልያም ኤንድ ሜሪ 3.6። ስምምነቱ ሁሉንም የትምህርት ክፍል አይሸፍንም፣ የሚጠየቁ ኮርሶችም አሉት፣ በየጊዜውም ይሻሻላል። ስለዚህ ከጓደኛ አትስሙ፣ የዘንድሮውን ወረቀት ራሳችሁ አንብቡ። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ኮሌጅ ፓርክ ካለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለውን ፕሮግራም ጠይቁ።

አሁን ወደ ደብተሩ። አንድ ገጽ መሃሉ ላይ አስምሩ። በግራ በኩል የምትፈልጉት ዩኒቨርሲቲ ለምትፈልጉት ሜጀር (የትምህርት ዘርፍ) አስቀድሞ የሚጠይቃቸውን ኮርሶች በሙሉ ጻፉ። በቀኝ የወሰዳችሁትን ከነውጤቱ። ባዶ የቀረው መስመር ነው እውነተኛው ዕድላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ዙር ጂፒኤዬ 3.7 ነበር፣ ኩራቴም ሌላ። ኢኮኖሚክስ ነበር የጠየቅሁት። ካልኩለስ ሁለትን ግን አልወሰድኩም፤ በምትኩ ቀላል ኤ የማገኝበትን የሙዚቃ ታሪክ ወስጄ ነበር። አማካሪ አልጠየቅሁም፣ ከሥራ ሰዓቴ ጋር ስለሚጋጭ ብቻ። ካልተቀበሉኝ አራት ትምህርት ቤቶች አንዱ ጋ ደውዬ ስጠይቅ ሴትየዋ በትህትና "ለሦስተኛ ዓመት ዝግጁ አልነበርሽም" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ፣ ለረጅም ጊዜ።

ሜጀሩ ራሱም ዕድሉን ይቀይረዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስና ታሪክ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት በየሜጀሩ የተቀበላቸውን የትራንስፈር ተማሪዎች ጂፒኤ ያወጣል። እዚያ ባታመለክቱም ልዩነቱን ለማየት ክፈቱት።

ከዚያ ክሬዲታችሁን፣ ኮርስ ስትጨርሱ የሚያዝላችሁን ነጥብ፣ ቁጠሩ። ከ30 በታች ከሆነ ብዙ ቦታ የሃይስኩል ውጤታችሁ ይመዝናል፤ 60 ሲሞላ የኮሌጁ ሥራችሁ ነው የሚናገረው። የአገር ቤት ውጤቱ የማያኮራ ሰው 60 እስኪሞላ ቢታገሥ ይሻለዋል። በሌላ በኩል አንዳንድ ትምህርት ቤት ክሬዲት የበዛበትን አይቀበልም። አገር ቤት ሁለት ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ይህን ልብ በሉ። ያንን ትራንስክሪፕት ደግሞ አትደብቁት። ማመልከቻው የተማራችሁበትን ሁሉ ይጠይቃል፣ ኋላ ከተገኘ ቅበላው ይሰረዛል። ኮርስ በኮርስ የሚተረጉመውን ግምገማ ቀደም ብላችሁ አሠሩ፣ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ይበላል።

ደብልዩ፣ ኮርስ ጀምሮ ማቋረጥን የሚያሳየው ምልክት፣ ያለበት ትራንስክሪፕት አያስፈራችሁ። አንድ ሁለት ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱት፦ "የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር፣ ቀየርኩ።" አልቅሱበት አላልኩም። ከመጥፎ ጀምሮ የሚያድግ ውጤት ከሚወርድ ይሻላል። የፀደዩን (የስፕሪንግ) ሴሚስተር ግማሽ መንገድ ውጤትም ብዙዎቹ ስለሚጠይቁ ካመለከታችሁ በኋላ እንዳትዝሉ።

ገንዘቡን ሳይመለከት ዕድሉን የሚያሰላ ሰው ግማሹን ነው ያሰላው። ግሪን ካርድ ያለው ፋፍሳን፣ የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ፣ መሙላት ይችላል። ግን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚፈልገውን ሁሉ የሚሸፍን ትምህርት ቤት ለትራንስፈርም እንዲሁ ያደርጋል ማለት አይደለም፣ በግልጽ ጠይቁ። ጃክ ኬንት ኩክ የሚባል ፋውንዴሽን ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ሞክሩት። ቨርጂኒያ ውስጥ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ፣ ልጅ አሳድጋችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ በሌላ በር ግቡ። የል ዩኒቨርሲቲ ኢላይ ዊትኒ የሚባለው ፕሮግራም ሃይስኩል ከጨረሱ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ለእንደዚህ ዓይነት ተማሪዎች ጀነራል ስተዲስ አለው። ስንት እርዳታ እንደሚሰጡ ግን ቀድማችሁ እወቁ።

በመጨረሻ ከልጁ ጋር እያንዳንዱን ትምህርት ቤት ከሦስት በአንዱ ስም ጠራነው፦ "ይሆናል"፣ "ሊሆን ይችላል"፣ "ሎተሪ"። ኮርኔልን ሎተሪ ስለው ሳቀ። "እኛ ሎተሪ ደርሶን አይደል የመጣነው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዲቪ የደረሰው ሰው ሎተሪ አይንቅም። ግን ሎተሪ ከሁለት በላይ አትቁረጡ፣ የማመልከቻው ክፍያም አለ። "ይሆናል" የሚለው ላይ ቢያንስ አንድ፣ ገንዘቡም የሚበቃ ትምህርት ቤት ካልሰፈረ ዝርዝሩ አላለቀም።

ዩቪኤ ለእሱ "ይሆናል" መሰለኝ፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ደብተሩን እስክናይ ድረስ። በቀኝ በኩል ሁለት መስመር ባዶ ነበር፦ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ ኮርስና ካልኩለስ። የእንግሊዝኛው ለበጋው (ለሰመር) ክፍት ሆኖ አገኘነው። ካልኩለሱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ልክ በፈረቃው ሰዓት። ስልኩን አንስቶ ለአለቃው መልእክት መጻፍ ጀመረ።