የበደላችሁን ሰው እግዚአብሔር ሲምረው ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ

አምና ነው፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ የዕቁብ ብሬን በልቶ የጠፋው ሰውዬ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ልጁን አቅፎ ሊቆርብ ሲሄድ አየሁት። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። የሚገርማችሁ ከሱ ይልቅ የተናደድኩት በእግዚአብሔር ነው፣ ጌታዬ እንዴት እሱን? አልኩ። እንደኔ የተቃጠለ ካለ የረዳኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ንዴቱን አትሸፋፍኑት። በአፍ "ይቅር ብዬዋለሁ" ማለት ቀላል ነው ሆድ ግን ይዞ ያድራል። ትንቢተ ዮናስን አውጡና አንብቡ፣ 4 ምዕራፍ ብቻ ናት፣ አብዛኛው ሰው ዓሣው ጋ ሲደርስ ያቆማል እንጂ የኛ ጉዳይ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ዮናስ እንዲሰብክላት የተላከባት፣ ንስሐ ስትገባም እግዚአብሔር የማራት ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፣ ፍርስራሿ አሁን ኢራቅ ሞሱል ጋ ነው ያለው፣ አሦሮች የወገኖቹ የእስራኤል ጠላቶች ነበሩ፣ ኋላም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ዋና ከተማቸውን ሰማርያን ያጠፉት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ ዮናስ ዝም ብሎ አልጠላቸውም። ለምን እንደሸሸም ራሱ ይናገራል፣ ቸርና ይቅር ባይ እንደሆንክ ስለማውቅ ነው ይላል! እንዲህ ተናግሮ እንኳን እግዚአብሔር አልቀሰፈውም፣ ልትቆጣ ይገባሃል ወይ ብሎ ጠየቀው እንጂ። እናንተም እንደዛው ንገሩት። እኔ ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ድምፄን አውጥቼ "ከፍቶኛል፣ ባንተ ከፍቶኛል" አልኩት፣ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

ቀጥሎ ቅላችሁን ፈልጉ። ዮናስ በአንድ ሌሊት በቅላ፣ ከፀሐይ ጥላ ሆናው፣ በአንድ ሌሊት ለደረቀች ቅል ሞቴን ስጠኝ እስኪል ድረስ አዘነ፣ እግዚአብሔርም እኔስ ከ120 ሺህ በላይ ሰውና ብዙ እንስሳ ላለባት ከተማ አላዝንም ወይ አለው። የኔ ቅል ምን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰፈር ሁሉ "አይዞሽ፣ የእጁን ያገኛል" ይለኝ ነበር፣ ለካ እዛ ጥላ ስር ተመቻችቼ ተቀምጫለሁ፣ እሱ ንስሐ ከገባ ጥላዬ ሊደርቅ ነው። ይሄን ሳውቅ በጣም አመመኝ።

ምህረትና ዕዳን ደግሞ አታደባልቁ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "ምህረቱ የእግዚአብሔር ነው ልጄ፣ ብሩ ግን ያንቺ ነው፣ ጠይቂው" አሉኝ። ቀራጩ ዘኬዎስም ጌታ ቤቱ ገብቶለት እያለ የቀማሁትን 4 እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። የበደላችሁ ሰው የሚደበድብ የሚያስፈራ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ መሄድ የለባችሁም፣ ከሩቅ ሆናችሁም ለእግዚአብሔር መስጠት ይቻላል።

የመጨረሻው በጣም ከባዱ ነው፣ በክርስትና ስሙ ጸልዩለት። ለዘላለም አይባልም፣ በጾመ ነነዌ ከሰኞ እስከ ረቡዕ 3 ቀን ብቻ ሞክሩት። ሰኞ ስሙ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ ማክሰኞ በጥርሴ መሀል አወጣሁት፣ ረቡዕ ግን ስሙን ስጠራ ያ ህፃን ልጁ በነጠላው ጫፍ የአባቱን እንባ ሲጠርግለት ትዝ አለኝና "ለልጁም" ብዬ ጨመርኩ።

ብሩን እስካሁን አላገኘሁም። ሽማግሌዎቹ ለፊታችን እሁድ ቀጥረውናል፣ እሄዳለሁ።