ነጠላው ሳይጠፋ ፊቷን ያበራሁበት ዘዴ

የጥምቀት ዕለት እናቴን ፎቶ አነሳኋት። ፀሐይ ከጀርባዋ፣ ነጭ ነጠላ ተከናንባ፣ ፊቷ ጨለም ብሎ ወጣ። ስልኬ ላይ «አውቶ» የሚለውን ስነካው ፊቷ በራ፤ የነጠላው ሽመና ግን ድራሹ ጠፍቶ ወረቀት መሰለ። ኮምፒውተር ላይ ትልቁን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፈትኩ። ሌየር፣ ማስክ፣ ከርቭ... አንድ ሰዓት ታግዬ ተውኩት (ለአንድ ፎቶ!)።

የፈታልኝ ስናፕሲድ በሚባለው የስልክ ፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ውስጥ ያለው «ሴሌክቲቭ» የሚባል መሣሪያ ነው። ዋናውን ፎቶ እንደገና ከፍቼ ጉንጯ ላይ ነጥብ አስቀመጥኩ፤ በሁለት ጣት ቆንጥጬ ክቡን አጠበብኩ። የሚነካው ቦታ በቀይ ይታያል። ከዚያ ጣቴን ወደ ቀኝ ሳብኩ፣ ብርሃን +35። መሣሪያው ከነጥቡ ቀለም ጋር የሚቀራረበውን ስለሚመርጥ ነጠላውን ብዙም አልነካውም። ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት ደግሞ ኮንትራስት (የብርሃንና የጨለማ ልዩነት)፣ ሳቹሬሽን (የቀለም ድምቀት) እና ስትራክቸር (የዝርዝሩ ጉልህነት) ይመጣሉ፤ እኔ ይህን ያገኘሁት በስህተት ነው።

ጠርዙ ላይ ብርሃን ትንሽ ስለፈሰሰ ነጠላው ላይ ሁለተኛ ነጥብ ጥዬ ወደ -10 አወረድኩት። ሽመናው ቁልጭ አለ።

እናቴ አይታ «ውይ፣ ቀላሁሳ!» አለች። ፊቷን ወደ +20 መለስኩት።