በኖትፓድ አማርኛ ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋይላቸው የተበላሸባቸው ሰዎች እርዳታ ሲጠይቁኝ ከሁሉ አብልጬ የማገኘው፣ ባገኘሁትም ቁጥር የሚያንገበግበኝ ስህተት የአማርኛ ጽሑፍን በአንሲ ኢንኮዲንግ ማስቀመጥ ነው፤ ኢንኮዲንግ ፊደላት በፋይል ውስጥ በቁጥር የሚመዘገቡበት ስልት ሲሆን፣ አንሲ ጥቂት ፊደላትን ብቻ የሚይዝ የቆየ ስልት ነው። የዓለምን ፊደላት እንዲይዝ የተሠራው ዩቲኤፍ-8 ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ሲመድብ፣ አንሲ ግን ለፊደሎቻችን አንዳች ቦታ የለውም። የዊንዶውስ ቀላል መጻፊያ ፕሮግራም የሆነው ኖትፓድ ራሱ አንዳንድ ፊደላት እንደሚጠፉ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ብዙዎች ግን መልእክቱን ሳያነቡ ‹እሺ› ብለው ያልፉታል፤ ፋይሉን ዘግተው ሲከፍቱትም ገጹ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) መቀያየር ከንቱ ድካም ነው፤ ፊደሉ አልተደበቀም፣ በቦታው የጥያቄ ምልክት ተተክቷልና። እኔም በጀማሪነቴ የሦስት ሳምንት የትርጉም ሥራ በዚሁ መንገድ አጥቼ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ አዲስ ፋይል በቀጥታ በዩቲኤፍ-8 ይቀመጣል፤ ሆኖም ቀድሞ በአንሲ በተቀመጠ ፋይል ላይ አማርኛ የሚጨምር ሰው በማስቀመጫው መስኮት ግርጌ ያለውን የኢንኮዲንግ ምርጫ ሳያይ ፈጽሞ እንዳያስቀምጥ አደራ እላለሁ።

በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ግን መደንገጥ አያስፈልግም። ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ አለ፤ የጎደለው እሱን የሚያሳይ ፎንት ስለሆነ እንደ ኒያላ ያለውን መምረጥ ይበቃል። ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ከተደረደሩም ፋይሉ በሌላ ኢንኮዲንግ ተነብቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያስቀምጡ ዘግተው በመክፈቻው መስኮት ዩቲኤፍ-8ን መርጠው እንደገና ይክፈቱት።

የመረጡት ፎንትና መጠን በእርስዎ መስኮት ላይ ብቻ የሚሠራ እንጂ ከፋይሉ ጋር የሚላክ አይደለም።

መስመሩ ከመስኮቱ ጠርዝ ሲደርስ ‹ኢንተር› መጫንም ይቅር፤ መስመሩን በራሱ ወደ ታች የሚያወርደውን ‹ወርድ ራፕ› የሚባለውን ማብራት እየተቻለ በእጅ የተቆረጠ ጽሑፍ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ በየቦታው ተሰባብሮ ይታያል።

በመጨረሻም እንደ ‹ሆስትስ› (ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ ስሞችን ከአድራሻቸው ጋር የሚያዛምድበት ፋይል) ያለ፣ ቅጥያ (ከፋይል ስም መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣ መለያ) የሌለው የሲስተም ፋይል ሲያስቀምጡ የፋይሉን ዓይነት ‹ሁሉም ፋይሎች› ካላሉት ኖትፓድ የቲኤክስቲ (.txt) ቅጥያ ይጨምርበታል። ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ካልተነገረው በስተቀር ስለሚደብቅ ስሙ ትክክል ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የቀድሞውን ፋይል ማንበቡን ይቀጥላል። ስለዚህ አስቀድመው በፋይል ኤክስፕሎረር ቅጥያዎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ ኖትፓድንም በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይክፈቱ።