«ቀን ካልተኛ ሌሊት ይተኛል» እና ሌሎች የሕፃናት የቀን እንቅልፍ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሕፃናት በሚከተቡበት ክፍል ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መርፌው አልቆ የልጁ ለቅሶ ጋብ ሲል እናቶች የሚጠይቁኝ ስለ ክትባቱ አይደለም፤ ስለ እንቅልፍ ነው። አብዛኞቹ መልሱን ከጎረቤት ወይም ከአማት ይዘው ስለሚመጡ እኔን የሚፈልጉኝ እንዳጸድቅላቸው ብቻ ነው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቀን እንዳይተኛ አድርጊው፤ ሌሊት ደክሞት ይተኛል።»

አላጸድቅም። ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ የዋለ ገበሬ ራቱን እንደበላ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሕፃን ግን እንደዚያ አይደለም። ከአቅሙ በላይ ነቅቶ የቆየ ልጅ ጡት ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይራገጣል፣ ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ እንደምንም ቢተኛ እንኳ ብዙ ሳይቆይ እየጮኸ ይነሣል። አንድ ኅዳር ላይ ከሞጃና ወደራ በኩል አንዲት እናት ልጇን ለ14ኛው ሳምንት ክትባት ይዛ መጣች፤ አያትየዋም አብረው ነበሩ። ልጁ ዓይኑን በከደነ ቁጥር አያትየዋ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይዳብሱት ኖሯል፤ በዚያ ውርጭ! ስምንት ቀን እንዲህ ሲያደርጉ የሌሊቱ ለቅሶ ብሶ እናቲቱ ቆማ ታንቀላፋ ነበር። ተቆጣሁ። «እኔ ሰባት አሳድጌአለሁ፤ አንቺ ስንት አሳደግሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ ሰባቱ ልጆች ቀን ቀን የት ነበር የሚተኙት?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ጀርባዬ ላይ ነዋ» አሉ። ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ገበያ ሲሄዱ ልጁ ታዝሏል፤ ሲደክመው እዚያው ይተኛል። የቆጠረለትም የቀሰቀሰውም አልነበረም። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁና ልጁን ከእናቱ ተቀብለው አዘሉት።

ስለዚህ ልጁ ስንት ሰዓት ተኛ ከማለት ይልቅ ስንት ሰዓት ነቅቶ ቆየ ብላችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አንድ ሰዓት ያህል ነቅቶ ከቆየ ይበቃዋል። በሦስትና በአራት ወር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት፣ በስድስት ወር ከሁለት እስከ ሦስት፣ ዓመት ሲሞላው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይችላል። ሲያዛጋ፣ ዓይኑን ሲያሽ፣ ፊቱን ከሰው ሲያዞር አስተኙት። ማልቀስ ከጀመረ ዘግይታችኋል። ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ካላችሁ ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ።

ቀጣዩን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ሳምንት ሲሆነው፣ ነርስ አይደለሁ፣ በደብተር ወረቀት ላይ ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንቅልፍ፣ 4 ሰዓት ተኩል ጡት፣ 6 ሰዓት እንቅልፍ። ልጁ አንዱንም አላከበረም፤ እኔ ግን አለቀስኩ። እስከ ሦስት ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ ይህም እንቅልፍ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በረሃብ የሚቆራረጥ ነው። ቀንና ሌሊትን መለየት የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። ያ ወረቀት ያገለገለኝ ልጁ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ነው።

የአራስ ቤት ጨለማም ነገሩን ያባብሰዋል። ወንዱ 40 ቀን፣ ሴቷ 80 ቀን ሞልቷቸው ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ሁሉም በሹክሹክታ ሲያወራ ልጁ ቀኑን በምን ይወቀው? ምች ይፈራል፣ የሰው ዓይን ይፈራል፤ አውቃለሁ፣ የእኔም እናት ያው ናት። ከቤት አውጡት አላልኩም። ቀን መጋረጃው ይገለጥ፣ ቡና ይወቀጥ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣም እንደ ልቡ ይጫወት። ሌሊት ደግሞ ጡት ስትሰጡ መብራቱ ደብዘዝ ይበል፤ ጨዋታ የለም። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡ። ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል።

«ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ተኝቶ ተነሣ» ለምትሉኝ፦ አምስትና ስድስት ወር እስኪሆነው ድረስ ይህ የተለመደ ነው፤ ልጁም አልታመመም።

ሌላው ጥድፊያ ልጁ የቀን እንቅልፉን «ተወው» ብሎ መወሰን ነው። ለወራት አራት አምስት ጊዜ ሲያሸልብ የቆየ ልጅ በስድስት ወር ገደማ ወደ ሦስት፣ በስምንትና በዘጠኝ ወር ወደ ሁለት ይወርዳል። ከ13 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ አንዷ፣ የቀትሯ፣ ብቻ ትቀራለች። እሷን ደግሞ ብዙዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይተዋሉ። ሁለተኛዋ ልጄ በ11 ወሯ መራመድ ስትጀምር የከሰዓቱን እንቅልፍ ለአንድ ሳምንት እምቢ አለች። እግር አውጥታ ማን ይተኛል? ባለቤቴ «ጨርሳለች» አለ። ሁለት ሳምንት ጠብቅ አልኩት፤ በዘጠነኛው ቀን ወደ እንቅልፏ ተመለሰች። እውነተኛ ለውጥ ሲሆንም ለተወሰነ ጊዜ መነጫነጩ አይቀርም። ያን ጊዜ የማታውን መኝታ ከ2 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ማምጣት ይረዳል።

ዓመት ያለፈው ልጅ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ቢተኛ የሌሊቱን ነገር አትጠይቁኝ። በገበያ ቀን ሲመለሱ ጀርባ ላይ የሚወሰደው እንቅልፍ፣ በሚኒባስ የሚተኛውም እንቅልፍ ነው፤ ይቆጠራል።

አለባበሱም ያሳስበኛል። ሸዋ ሮቢት ላይ በነጠላ ብቻ የተሸፈነው ልጅ ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ከመንዝ የመጣ ባና ሁሉ ይደራረብበታል። እኔ ዘንድ ሲደርስ አንገቱ በላብ ርሷል፣ ፊቱም አይታይም። ብርዱን አልክድም፤ ግን ፊቱን አትሸፍኑት። ሙቀቱን በእጁ ሳይሆን በማጅራቱ እወቁ። ሲታዘልም አገጩ ደረቱ ላይ አይቀበር። ሲጋደም በጀርባው፣ ያለ ትራስ ይሁን።

የሳል ሽሮፕ ለእንቅልፍ? በፍጹም።

በመጨረሻ፣ እናቶች የማያማርሩበትን እንቅልፍ ላንሣ። አንዲት እናት ልጇን ለስድስተኛው ሳምንት ክትባት ይዛ መጥታ «ጨዋ ልጅ ናት፤ ስትተኛ ትውላለች፤ ረሃብም አታውቅ» አለችኝ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት ከተወለደችበት ክብደት እምብዛም አልጨመረችም። የዚያኑ ዕለት ሐኪም አየልን። ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ የሚያለቅሰውን ልጅ ሁሉም ይዞት ይመጣል፣ ዝም የሚለው ግን ቤት ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብደቱ መጨመር እስኪጀምር ድረስ ተኝቶ ሦስት ሰዓት ካለፈው ቀስቅሳችሁ አጥቡት። ለመቀስቀስ የሚያስቸግር፣ ለጡት የማይነቃ፣ ሰውነቱ የሚዝለፈለፍ፣ የሚያተኩስ ወይም የቀዘቀዘ ልጅ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ክትባት የለም ብላችሁ አትቅሩ፤ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ።