የኮንስታብልን ሥዕል እየቀዱ መልክዓ ምድር መሳል

የዘይት ቀለም ገዝቶ ባዶ ሸራ ፊት የቆመ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ደጅ ወጥቶ መሳልም ለጀማሪ ከባድ ነው። ደመናው ይሄዳል፣ ጥላው ይዞራል። የታላቅ ሠዓሊ ሥዕል ግን ባለበት ይቆያል፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ሠዓሊው ወስኖ ጨርሷል። የእናንተ ሥራ በምን ቅደም ተከተል እንደሠራው ማወቅ ነው።

ለመጀመሪያ የእንግሊዛዊውን የጆን ኮንስታብል «ዋይቨንሆ ፓርክ» እመክራለሁ፤ የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ሰፊ የገጠር ግቢ ሥዕል ነው። በ1816 እ.ኤ.አ. የተሣለ ሲሆን ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ ይገኛል። ጋለሪው ጥራት ያለው ፎቶውን በነፃ ያስወርዳል። ሰማይ፣ ሐይቅ፣ ዛፍ፣ ላሞች፣ ሁሉም አለበት። ኮንስታብል ራሱም ከእሱ በፊት የነበረውን የመልክዓ ምድር ሠዓሊ የክሎድ ሎሬንን ሥዕሎች ቀድቷል፤ ስለዚህ መቅዳት አያሳፍርም።

ሥዕሉ 56.1 በ101.2 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ የተለጠጠው የፓርኩ ባለቤቶች ግቢያቸው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲገባላቸው ስለፈለጉ ነው፤ ኮንስታብል ከሁለቱም ጎን ሸራ ሰፍቶ ጨምሯል። እናንተ 54 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ ውሰዱ። በ6 ሴንቲ ሜትር ስትከፍሉት ወደ ጎን 9፣ ወደ ታች 5 ካሬ ይወጣል። የታተመውን ፎቶም በዚያው ቁጥር ከፋፍሉት፤ በየካሬው ያለውን ወደ ሸራው ካሬ ትቀዳላችሁ።

ካሬዎቹን ከማስመራችሁ በፊት ግን ሸራውን በተርፐንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በቀጠነ በርንት ሳይና (ቀላ ያለ ቡናማ) ቀቡት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ። ነጭ ሸራ ላይ ሁሉም ቀለም የጠቆረ ይመስላል። መስኮት መክፈት እንዳትረሱ።

አሁን በበርንት አምበር (ጠቆር ያለ ቡናማ) ብቻ ብርሃኑንና ጥላውን ለዩ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ፎቶውን እዩት፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ጨለማ፣ መካከለኛና ብሩህ ቦታ ብቻ ይቀራል። ላሞቹን ለጊዜው እርሷቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል፣ ኋላ ቀለሙ ቢያምርም ሥዕሉ ጠፍጣፋ ይሆንበታል።

ቀለሙን ከሰማዩ ጀምሩ። ከዚያ ራቅ ያሉት ዛፎች፣ ቀጥሎ ውሃው፣ መጨረሻ ላይ የፊት ለፊቱ ሜዳ።

ዋናው ፈተና አረንጓዴው ነው። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ፕላስቲክ ስለሚመስል አትግዙት። አልትራማሪን ሰማያዊን ከየሎ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ) ጋር ስታዋህዱ የዛፍ ጥላ የሚሆን ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ይወጣል። ፀሐይ ላረፈበት ሣር ሌመን የሎ (የሎሚ ቢጫ) እና ትንሽ ነጭ ጨምሩ። በጣም ከጮኸ ጫፍ ታህል በርንት ሳይና ያበርደዋል። ለሩቁ ዛፍ ሰማያዊና ነጭ አብዙ። ከዚያ መሃል ላይ በዛፎቹ መካከል ብቅ ያለውን ቤት ተመልከቱ። ቀላ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን በጣታችሁ ሸፍናችሁ ስታዩት ዙሪያው ያለው አረንጓዴ ሁሉ ይደክማል። ለእኔ ከዚህ ሥዕል የሚገኘው ትልቁ ትምህርት እዚህ ነው።

አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፦ የመጀመሪያው የቀለም ንብብር በተርፐንታይን የቀጠነ ይሁን፣ የተልባ ዘይት የበዛበት ከላይ ይምጣ። ከታች ያለው ዘግይቶ ከደረቀ ላዩ ይሰነጠቃል። ደግሞ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ላሞቹ፣ ዝይ የሚመስሉት ነጫጭ ወፎች (ስዋን ናቸው) እና ጀልባው መጨረሻ ላይ፣ በትንሽ ብሩሽ። ላሟ ሁለት ሦስት ጭረት ይበቃታል፤ ዓይንና ቀንድ ልሥራ ካላችሁ ትበላሻለች።

ሲያልቅ ጀርባው ላይ «ከኮንስታብል የተቀዳ» ብላችሁ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። ቫርኒሽ ለመቀባት ስድስት ወር ያህል ጠብቁ። እስከዚያ ፎቶውን ደብቃችሁ፣ ያንኑ ቀለም ይዛችሁ በቅርባችሁ ያለ ሜዳ ወይም የዛፍ ጥግ ሞክሩ።